አዴ ፋጡማ ድምፅዋ በተዘጋ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከቀፊራ ገበያ በባጃጅ ስመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ትንሽ ቆምን። ከጎናችን «ዲዛይንና ኅትመት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ ወጣት ኮምፒውተሩ ፊት ብቻውን ተቀምጧል። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። ባጃጇ ተንቀሳቅሳ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ አየሁት፤ አቀማመጡን አውቀዋለሁና።

እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች በሚያጠሉት መንገድ ዳር፣ እንዲህ ያለች ክፍል ነበረችኝ። ከጓደኛዬ ከኤልያስ ጋር ነው የከፈትናት። እሱ ማተሚያውን፣ እኔ ብሩሽና ቀለሙን ይዘን የሱቅ ታፔላና የሠርግ መጥሪያ እንሠራለን። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ፈጢራ ከማር ጋር በአንድ ሳህን እየበላን ስለ ፊደል ቅርጽ እንከራከር ነበር። ኤልያስ የ«ቀ» ሆድ ተነፋ ካለ ክርክሩ እስከ ምሳ ይዘልቃል።

ከዚያ የከተማው ንግድ ቀዘቀዘ። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ጠፋ፤ ያሉትም በአሮጌ ታፔላቸው መኖር ጀመሩ። ኤልያስ ትንሽ ታገሠና አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በሄደ ሰሞን እየደወለ «ብቻህን እዚያ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኝ ነበር። ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰው አባቴ ደግሞ እስከ መስከረም ካልሆነልህ ዝጋውና ደህና ሥራ ፈልግ አለኝ።

የሙቀቱ ወራት ነበር። ድሬ ከምሳ በኋላ ጭር ትላለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ገሚሱ ይተኛል፣ ገሚሱ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል። እኔ መቃም ስላልለመድኩ ማንም ዘንድ አልጠራም፤ በሬን ከፍቼ ወረቀቴን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። የምስለው ሁሉ የትናንቱን እየመሰለ ያሰለቸኛል። ከሰው ጋር ሳልነጋገር ስለምውል፣ ማታ እቤት ገብቼ ለእናቴ አቤት ስል ድምፄ ሻክሮ ነው የሚወጣው።

በአንዱ እንዲህ ባለ ቀትር አዴ ፋጡማ በሬ ላይ ቆመች። በድሬ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ስለምንል እኔም እንደዚያው ላውራችሁ። አዴ ፋጡማ ከዋሂል ገጠር በኩል የግመል ወተት እያመጣች ቀፊራ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ እያፈራረቀች ስትጣራ ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ግን ከአፏ የወጣው ሹክሹክታ ነው። ጉሮሮዋን ታማ፣ ሐኪሙ ድምፅሽ አይመለስም ብሏታል። ወተት ሻጮቹ ተደርድረው ነው የሚቀመጡት፤ እሷ ዝም ስትል ደንበኞቿ ሳያይዋት ያልፋሉ። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ወተት ነው።

«ታፔላ ሥራልኝ፤ በኔ ፋንታ ይጣራልኝ» አለችኝ።

ስምሽን በትልቁ እጽፋለሁ ስላት ራሷን ነቀነቀች። «አቦ፣ እኔ ዘንድ ከሚገዛው ማን ያነባል?»

ታዲያ ፊትሽን ልሳል አልኳት። ብርቱካናማ ሻርፗን ወደ አፏ ስባ ፊቴንማ አትሳል አለችኝና ሄደች።

በማግስቱ ወረቀቴን ይዤ ቀፊራ ወርጄ ጎኗ ተቀመጥኩ። ከቅመም ተራው የበርበሬና የእርድ ሽታ ይመጣል፣ ከጀሪካኖቹ የታጠነ ወተት ሽታ። ብዙ ሳልኩ፤ ጀሪካን ሳልኩ፣ ግመል ሳልኩ፤ አንዱም እሷን አልሆነም። ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ መጣ። ሰዉ መሐል ቆሞ ጆሮውን እንደማዘንበል እያለ የፋጡማን ጥሪ ይፈልጋል። አዴ ፋጡማ እዚያው ናት። መጣራት ስላልቻለች መስፈሪያ ጣሳዋን ይዛ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፤ እጅጌዋ ወደ ክርኗ ወረደ። ሽማግሌው ሰዉ ከልሎት አላያትም። ከሌላ ገዝቶ ሄደ። እሷ ግን ክንዷን ቶሎ አላወረደችውም።

ወረቀት ገለበጥኩ። ከጀርባዋ ሆኜ ሻርፗን፣ ያንን ክንድና ጣሳውን ሳልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እጄ ከኔ ቀድሞ ሄደ።

ክፍሌ ተመልሼ በሰፊ ሸራ ላይ በቀለም ሠራሁት፦ ከበስተኋላ የሚታይ ብርቱካናማ ሻርፕ፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ክንድ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጣሳ። ረዥም እንጨት ላይ አስረን ከሰው ራስ በላይ አቆምነው። አዴ ፋጡማ አየችውና ወደ ጀሪካኖቿ ተመለሰች። ሰዓቱ እየገፋ ሄደ። ታፔላው አልጠቀመም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል የዚያን ቀኑ ሽማግሌ ከሩቅ ቀና ብሎ ቆመ፤ ቀጥ ብሎም መጣ።

«ፋጡማ፣ የት ጠፍተሽ ነው የከረምሽው?» አላት።

እሷ ለመናገር ስትታገል እኔ ቀደምኩ። «እዚሁ ነበረች» አልኩት። አዴ ፋጡማ ሳቀች። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ በኋላ ጨው ሻጯም፣ ምንጣፍ ሻጩም እየመጡ ምልክት አሠሩኝ። መስከረም አለፈ፤ አልዘጋሁም። ኤልያስ መደወሉን እያራራቀ ተወው። አዴ ፋጡማ አንዳንድ ቀን መኪና እስኪመጣላት ክፍሌ ጎራ እያለች በብርጭቆ ወተት ትሰጠኝ ነበር፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ ቆምጠጥ ያለ። መናገር ስለሚያደክማት ዝም ብለን እንቀመጣለን። በዚያ ዝምታ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። አንድ ክረምት መምጣት አቆመች። የዋሂል መኪና ሹፌሮችን ጠየቅሁ፤ የዳረቻት ልጅዋ ዘንድ ሩቅ አገር ሄዳለች አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

በኋላ ለሆቴልም ለፋብሪካም ብዙ ሠራሁ፤ ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፣ ቤቴም ጸጥ ያለ ነው። ያን ጊዜ ሐሳብ ነጠፈብኝ እያልኩ ወረቀት ላይ ሳፈጥ የከረምኩት፣ ሰው ስለራቀኝ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የአዴ ፋጡማ ሻርፕ ቀለም ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ የክንዷ አነሣስም፣ የጣሳው ስንጥቅ ሳይቀር። አንዳንድ ከሰዓት ሌላውን ላስታውስ ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ፊቷ አይመጣልኝም።