እቴቴ የተወችው ዜማ

ሰፈሩ «ጣቶ» ይለዋል፤ ኪቦርድ ላይ ጣቱ አርፎ ስለማያውቅ። ሰርግ በሉት፣ ጭፈራ ቤት በሉት፣ ታክሲ በሉት፣ ዘንድሮ ከእሱ ዘፈን የሚያመልጥ ጆሮ የለም። ዘፋኟ ሌላ ናት፤ ዜማው ግን «የጣቶ ድርሰት» ተብሎ ነው የወጣው። የምን ድርሰት! ዜማው የአክስቱ ነው።

እናቱ ስትሞትበት ወስዳ ያሳደገችው አክስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ «እቴቴ» ይላታል። ልጅ ሆኖ የቤት ሥራውን የሚሠራው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ ፔዳሉን ቀስ እያለች እየረገጠች፣ ያለ ግጥም ታንጎራጉራለች። በጨቅላነቷ የሞተችባትን አንድ ልጇን ታባብልበት የነበረ ዜማ ነው። «ከእሷ ጋር የምናወራው በዚህ ነው» ብላዋለች። እያወቀ ነው እንግዲህ አፍጥኖ፣ እዚህም እዚያም ቆራርጦ፣ ድራም ጨምሮበት፣ ወገብ የሚያስነቀንቅ ዘፈን ያደረገው። ስቱዲዮ ውስጥ «ከየት አመጣኸው?» ሲሉት «ዝም ብሎ መጣልኝ» አለ። ምላሱ እንኳ አልተደናቀፈም!

ከዚያ ወዲህ እግሩ ከእቴቴ ቤት ቀረ። ስትደውልለት «ሥራ በዛብኝ» ይላል። ሰርግ ላይ ዘፈኑን ሲጫወት ሰው በላብ ተጠምቆ ይጨፍራል፤ እሱን ግን ውስጡን ይበላዋል። አንድ ቀን አላስችል አለው። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ከፈለገችም በሬዲዮ እናገራለሁ ብሎ ሄደ።

እቴቴ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። «ውይ የኔ ጌታ! ጠፋህብኝ እኮ፤ ደግሞ ከስተሃል» ብላ አገላብጣ ሳመችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መኪናው ይንኳኳል፤ እሷ ዝም ብላለች።

«እቴቴ፣ ማንጎራጎር ተውሽ እንዴ?»

«ተውኩ። ደንበኞቼ ሲሰሙኝ ‹እርስዎም ይጨፍራሉ እንዴ!› እያሉ ሳቁብኝ። አፈርኩ።»

ጣቶ ተንበረከከ። «ሰርቄሽ ነው። ያንቺ ነው፤ የልጅሽ ነው። ይቅር በይኝ፣ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

«መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አውቄ የለ? ልጄ ነህ፣ ምን አደርግሃለሁ» አለች ራሱን እየዳበሰች። «ለሰው መንገሩ ይቅርብኝ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ይኼ ያንተው ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ ላንጎራጉር ስል እሱ ይቀድመኛል። የድሮው ጠፋብኝ። አንተ እሱን እየሰማህ ነው ያደግከው፤ እስቲ በልልኝ።»

ጣቶ ጉሮሮውን ጠርጎ ዓይኑን ጨፈነ። የወጣው የሰርጉ ነው። ቀስ አደረገው፤ ቀስ ያለ የሰርግ ዘፈን ሆነ። እቴቴ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ዝቅ የምትልበት ቦታ አልመጣ አለው። እንደገና ጀመረ፤ ያው ነው።

እቴቴ እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችው። ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሲከፍት «በቃ ልጄ፣ ተወው» አለችና ፔዳሉን ረገጠች።