የእታለም ትከሻ

«ሦስት ዓመት ነፋሁ! ከንፈሬ እስኪላጥ ነፋሁ! አሁንም ከከበሮው ሥር ሦስተኛ ክላርኔት ነኝ!»

እታለም ናት። ስሟ ሥርጉት ነው፣ ታላቄ ስለሆነች ግን እታለም እላታለሁ። ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ፣ አክስታችን ቤት በር ላይ ቆማ፣ ክላርኔቷን እንደ ዱላ ይዛ በኔ ላይ ትጮኻለች። እኔ ምን አጠፋሁ? የባንዱን መሪ መምህር ይትባረክን ሆኜ አሳየኋት እንጂ። እጄን ወደኋላ አጣምሬ፣ አገጬን ወደ ደረቴ ቀብሬ፣ «ሥርጉት፣ ጣትሽ ወርቅ ነው፤ ትከሻሽ ግን ለምን እንደ ዶሮ ክንፍ ይነሳል?» አልሁ።

«አንተ በቀቀን፣» አለችኝ፣ «ከስምንተኛ አቋርጠህ ባጃጅ ትነዳለህ፣ በኮሌጅ መምህር ትቀልዳለህ?»

«ስምንተኛንማ ጨርሻለሁ። ዘጠነኛን ነው ያልጀመርሁት።»

የተናደደችበት ምክንያት አለ። ሐምሌ ላይ የኮሌጁ የትንፋሽ ባንድ ጣና ዳር ዝግጅት ያቀርባል። መክፈቻው ቀስ ያለ የአምባሰል ዜማ ነው፣ አንድ ክላርኔት በከበሮ ብቻ ታጅቦ የሚጀምረው። መምህሩ «ያንን ረጅም መስመር በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ፊት ይቀመጣል» ብለዋል። አባታችን መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ ከደቅ ደሴት በጀልባ ሊመጡ ነው። ስትነፋ ሰምተዋት አያውቁም።

እታለም ያደገችው ደቅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር። አባታችን ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያስተምሩ እሷ ከአጥሩ ጀርባ ሽንብራ እየለቀመች አብራ ታዜማለች። ለትምህርት ባሕር ዳር ስትመጣ አንድ የምርቃት ሰልፍ ላይ ማርሽ ባንድ አየች። ከዚያ ገበያ የተላከችውን ረስታ ክላርኔቱን እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ተከተለችው። ሙዚቃ ልትማር መሆኗን ስትነግራቸው አባታችን «እምቢልታ ለንጉሥ ይነፋል። አንቺ ለማን ልትነፊ ነው?» አሏት። እሷ ግን ሄዳ ተመዘገበች።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጎረቤት «ዳክዬ ገዛችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። በሁለተኛው ጣቷ ተፈታ። በሦስተኛው ጆሮዋ ተከፈተ። መምህር ይትባረክ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት እያቆሙ አንዲት ድምፅ ያስነፏቸዋል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ በመሃል የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ እሱ እስኪጠፋ ማቆም የለም። «የራስሽን ብቻ ከሰማሽ እየጮኽሽ ነው» ይላሉ። እታለም ይህን ከማንም በላይ ቻለችው። የቀራት ትንፋሽ ብቻ ነው። መስመሩን መሃል ላይ ትቆርጠዋለች፣ ለምን እንደሆነ ግን እሷም መምህሩም አላወቁም።

እንግዲህ ያን ቀን ስትጮኽብኝ እኔም መጥረጊያ አነሳሁና እሷን ሆንሁ። ከልምምድ በባጃጅ ልወስዳት ስሄድ ሁልጊዜ በመስኮት አያታለሁ። ዜማውንም ከበሮውንም ባፌ እያልሁ፣ መጥረጊያውን «ነፋሁ»። ድም ስል ትከሻዬ ተነሳ። እንደገና ድም፣ እንደገና ትከሻዬ። እኔ አስቤው አይደለም፤ ሰው ስመስል ገላዬ ነው ቀድሞ የሚይዘው።

ጩኸቷ ቆመ። «እስኪ ድገመው።»

ደገምሁላት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«አባ ናቸው፣» አለች።

ነገሩ ገባኝ። አባታችን ሲያስተምሩ መቋሚያቸውን መሬት ሲመቱ ተማሪው ሁሉ እዚያ ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። እሷም ከአጥሩ ጀርባ አብራ ስትወስድ ነው ያደገችው። አሁን ከበሮ በተመታ ቁጥር ሳንባዋ ደቅ ነው ያለሁ ይላል፤ ትንፋሽ ይስባል፣ ትከሻዋም ይነሳል። ከከበሮው ሥር የተቀመጠችው ደግሞ ይቺው ናት።

ከማግስቱ ጀምሮ በየማለዳው ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ ወረድን። እሷ ቆማ ትነፋለች፣ እኔ ጀሪካን ገልብጬ እመታለሁ፤ ባላሰበችው ሰዓት፣ ባልጠበቀችው ቦታ። ውሉ ትከሻዋ ከተነሳ ባጃጄን ታጥባለች ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባጃጄ እንደ ሙሽራ አበራች፣ ተሳፋሪው ሁሉ «አዲስ ገዛህ?» ይለኝ ነበር። እታለም ትንፋሹን ከሆዷ መሳብና ቆጥባ መልቀቅ ስትለምድ ግን ባጃጄ መቆሸሽ ጀመረች። ኋላማ በመስታወቷ መንገዱ አልታይ ሲለኝ ራሴ አጠብኋት።

ለፈተናው መጀመሪያ የነፋችው ሔራን ናት፣ የፊተኛዋ ክላርኔት። ቆንጆ አድርጋ ነፍታው መሃል ላይ ተነፈሰች። እታለም ቀጥላ ያለ ምንም ማቆም ጨረሰችው። መምህር ይትባረክ አገጫቸውን ቀብረው «ሔራን፣ አንድ ወንበር ሸርተት በይ» አሉ።

ሔራን ወንበሯን እየለቀቀች «ትከሻሽን የት ጣልሽው?» አለቻት።

«ወንድሜ ባጃጅ ላይ።»

በዝግጅቱ ዋዜማ ነገር ፈለግኋት። «አባ ፊት ትከሻሽ ይነሳል።»

«አይነሳም።»

«ሙሉ አሳ ጥብስ፣ ከነጭንቅላቱ።»

«ተወራረድን።»

በማግስቱ አባታችን ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እታለም ጀመረች። ድምፁ ከውኃው የወጣ ነው የሚመስለው። ከበሮው ድም አለ፣ ትከሻዋ ንቅንቅ የለም። አሁንም ድም፣ ንቅንቅ የለም። ይኸኔ አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የት እንዳሉ ረስተው፣ መቋሚያቸውን ድው አደረጉት።

የኔ ትንፋሽ ቆመ። የእሷ ቀጠለ። መስመሩ ወጣ፣ ታጠፈ፣ ወረደና አለቀ፤ ወዲያው ባንዱ በሙሉ ከኋላዋ ገባ። ሐይቁ ዳር እልልታ ቀለጠ፣ ባለጀልባዎቹ ሳይቀሩ ተነስተው ቆሙ።

ኋላ አባታችን ግንባሯን ሳሙና «ያችን ረጅሟን የት ላይ ነው የተነፈስሽባት?» አሏት።

«አልተነፈስሁም፣ አባ።»

«እኔ እንኳ ተቀምጬ ሁለቴ ተንፍሼባታለሁ፣» አሉና ደግመው ሳሟት። «ለማን ነው የምትነፊው ብዬሽ ነበር። እኔም አለሁበት።»

ይህ ሁሉ ደግ ነው። ግን እውነት እውነት ነው፤ መቋሚያው ሲመታ ግራ ትከሻዋ ተነስቷል።

«ዝንብ ነው፣» አለችኝ አሳ ቤት ቁጭ ብለን። «ዝንብ አረፈብኝ፣ አባረርሁት። ትንፋሽ አልወሰድሁም።»

«ውርርዱ ስለ ትከሻ ነው እንጂ ስለ ትንፋሽ ነው?»

አባታችንን ዳኛ አደረግናቸው፤ «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አሉ። አብራን የመጣችውን ሔራንን ጠየቅን፤ «መጀመሪያ አሳው ለስንት ሰው እንደሚበቃ ልየው» አለች። አሳው መጣ፣ ከነጭንቅላቱ። አባታችን ባረኩና ጀመሩ።

«ዝንብ፣» አለች እታለም እየቆረሰች።

«ትከሻ፣» አልሁ እኔም እየጎረስሁ።