የሩፋኤል ዝናብና የሩታ ፎቶ

ሩታ ደመና አትወድም። ክረምት በገባ ቁጥር ፊቷ ከሰማዩ ብሶ ይጠቁራል። እንጀራዋ ሆኖባት ነው፤ ሥራዋ ሳተላይት ከላይ የምታነሳቸውን ፎቶዎች እያነጻጸረች የእንጦጦ ደን ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጥ ማጥናት ነው። ባሕር ዛፉ ተነስቶ የተተከለው ጽድና ኮሶ መያዝ አለመያዙን ማወቅ ትፈልጋለች። ዘንድሮ ግን ከሰኔ ጀምሮ የመጣው ምስል ሁሉ የተባዘተ ጥጥ ነው።

ቁስቋም ባለው ቤታቸው ደግሞ ዝናብ የሚናፍቅ ሰው አለ፤ እናቷ ወይዘሮ ብርሃኔ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጳጉሜ ሦስት የሚዘንበው የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብለው ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃሉ። አምና ጠብ ሳይል ቀረባቸው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሩታ ጥናቷን ከማስረከቧ በፊት ሳተላይቷ ለመጨረሻ ጊዜ በሰፈሩ ላይ የምታልፈው በዚያው በሩፋኤል ዕለት፣ ረፋድ ላይ ሆነ።

“ቆማ ነው የምታነሳው እየሄደች?” አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ።

“እየሄደች፣ እማ። ማንንም አትጠብቅም።”

“ምን አጣደፋት! በቃ፣ እኔ ሩፋኤልን እለምንልሻለሁ። የኔ ጉልበት ለከርሞ ይደርሳል።”

ሩታ ሳቀች። እናቷ ግን የምራቸውን ነበር።

የዕለቱ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ረፋድ ላይ ግን ከእንጦጦ ማርያም በኩል አንድ ደመና ብቅ አለና ወንድሞቹን ጠራ። ሳተላይቷ ልታልፍ ትንሽ ሲቀራት ቆርቆሮው ይንጫጫ ጀመር። ሩታ ኮምፒውተሯ አጠገብ ተደፍታ አለቀሰች። ለፎቶ ይለቀሳል ወይ የሚል ካለ፣ እሱ ልፋቱን ውኃ በልቶት አያውቅም።

ደጅ የሰፈሩ ልጆች ዝናቡን እየታጠቡ ይጮኻሉ። በመሃል የእናቷ ድምፅ ተሰማ።

“አይ ሩፋኤል! ትንሽ ቆይ አላልኩህም? ልጄን አስለቅሰህ እኔን ልትፈውስ? አልፈልግም!”

ሩታ ወጣች። ወይዘሮ ብርሃኔ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ አንዲት ጠብታ እንዳትነካቸው እየተጠነቀቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ዝናብ አፍንጫቸው ሥር ይወርዳል፤ እሳቸው አኩርፈውታል።

የሩታ ሆድ ባባ። ፎቶው አልቆጫትም ማለት አይደለም፤ ገና ብዙ ቀን ይቆጫታል። ግን እንዲህ የሚወድ ሰው ከየት ይገኛል?

“ነይ፣ እማ” ብላ እጃቸውን ያዘች።

“ፎቶሽስ?”

“ደመና ብቻ ነው የሚታየው። ከሥሩ እኔና አንቺ እንዳለን ማንም አያውቅም።”

ጎትታ ዝናቡ ውስጥ አስገባቻቸው። ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴትዮ ከልጆቹ ጋር “ሩፋኤል አሳድገኝ!” እያለች ትዘል ጀመር።

“ከዚህ ወዲያ ደግሞ ወዴት ልታድጊ ነው?” አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ፣ ጉልበታቸውን በዝናቡ እያሹ።