ህዳጉ ላይ የሚመለስ ሰላምታ

ጋሼ የምላቸው አጎቴ፣ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ባለ ኮሌጅ ክሪዮል ተናጋሪ የሄይቲ ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ ድርሰት ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ እንደኛው ናቸው፤ ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ይመስላቸዋል። ስለ አውቶቡስ መዘግየት ጻፉ ሲባሉ፣ ግማሹን ገጽ የጋሼንና የቤተሰባቸውን ደህንነት ይጠይቁበታል።

ጋሼ አንዱንም አይሰርዙም። በቀይ እስክሪብቶ ህዳጉ ላይ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽን ተሻላቸው?» ብለው ይመልሳሉ። ከሥሩ ደግሞ «አሁን ወደ አውቶቡሱ!»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኤሴይ ነው፤ ለምን ዴሊት አያስደርጓቸውም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሰላም ያለኝን ሰው ዝም ልበለው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ጋሼ አርፈው በአርባቸው ቀን፣ ተማሪዎቻቸው እነዚያን ወረቀቶች ይዘው መጡ። ህዳጎቹን እያነበብን ስንስቅ ዋልን።

እኔም ይህን ስጽፍ ሰፊ ህዳግ ትቻለሁ። ጋሼ፣ እንደምን አሉ?