ቦርዱ ለልቅሶ የሰጠው ቤት

ያ ቤት አሁን የለም። ኦክ ላውን በሚባለው የዳላስ ሰፈር፣ ትልልቅ ዛፎች ግራና ቀኝ በተተከሉበት መንገድ ላይ የቆመ፣ ቀለሙ የተላላጠ የእንጨት ቤት ነበር። አፍርሰውት በቦታው አፓርትመንት ሠርተውበታል። በዚያ በኩል ሳልፍ አሁንም መኪናዬን ቀስ አደርጋለሁ፤ በሩ የቱ ጋ እንደነበረ ግን እየጠፋኝ መጥቷል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት የዚያ ቤት የቦርድ አባል ነበርኩ። ድርጅቱ ጌይና ሌዝቢያን ለሆኑ ሰዎች የቆመ ነው፤ እንደኔ ላሉ ማለቴ ነው። ለጨነቀው ሰው ስልክ እናነሳለን፣ ዓርብ ዓርብ ራት እናበላለን፣ የታመመ እንጠይቃለን፣ ቤተሰቦቹ ያባረሩት ሲመጣ ማደሪያ እንፈልግለታለን። ደመወዝ የሚከፈለው አንድም ሰው አልነበረም።

አገር ቤት ሳለሁ ቦርድ ሲባል የማውቀው በጥቁር መኪና መጥተው፣ ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ አምቦ ውሃ እየተቀዳላቸው ስለ ፋብሪካ የሚወስኑ ሰዎችን ነበር። የእኛ ቦርድ ግን ሽንት ቤት ያጥባል። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅነው፣ ሣሩን የሚያጭደው፣ ለዓርብ ራት ድንች የሚልጠው ያው ቦርዱ ነው። ስብሰባችንም ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ የነበረን እዚያ ብቻ ስለሆነ።

አምስት ነበርን። ሰብሳቢያችን ከምሥራቅ ቴክሳስ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። አንድ አበባ ሻጭ ነበር፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ እጁ ሁልጊዜ ቅጠል ቅጠል የሚሸት። አንድ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ግዙፍ ሰው፣ ግን ከአፉ ቃል የማይወጣ። ወላጆቿ ከሜክሲኮ የመጡ ወጣት ጠበቃ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ዝም ማለት የማይሆንላት። አምስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም የምመረምር፣ ከዳላስ ወጣ ብሎ ካሮልተን አፓርትመንት ተከራይቼ ብቻዬን የምኖር።

ቦርድ ውስጥ የገባሁት በማጉረምረም ነው። እዚያ ቤት የሚደረገው የሴቶች ስብሰባ ለምን እሁድ ጠዋት ይሆናል፣ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ የለንም ወይ ብዬ አንድ ቀን ተነጫነጭኩ። ሰብሳቢያችን ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝና፣ «እንዲህ የምትጠይቅ ሴት ናት የጠፋችን» አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ ወጥቶልኝ ተመረጥኩ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት ደስታዋ ሌላ ነበር።

«ቦርድ! የምን ድርጅት ነው?»

«ወገን የሌላቸውን ሰዎች የሚረዳ ነው።»

«እግዜር ይባርክሽ» አለች። ያልኳት ውሸት አልነበረም፤ ግን ሁሉንም አልነገርኳትም። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች፣ ወሬውም ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ዳላስ አጠገብ ያለችው ፎርት ዎርዝ ደረሰ።

ፎርት ዎርዝ የሚኖሩ የአባቴ ወገን ዘመድ ነበሩኝ። እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። ጋሼ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠሩት። አንድ የጥቅምት ሰሞን የእትዬ እናት ደሴ ላይ አረፉ። እንደ ደንቡ ሰዎች ተሰብስበው ማለዳ ሄደው መርዶ ነገሯቸው። የእትዬ ጩኸት አፓርትመንቱን አናጋው፤ ሰው የተገደለ የመሰላቸው ጎረቤቶች ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሱ መጥቶ ነገሩ ሲገባው ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀና ሄደ። የሕንፃው ማናጀር ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ ዳግም እንዳላይ አለ። ችግሩ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ከዳላስም ከአርሊንግተንም፣ ከኦክላሆማም ሳይቀር ለቀስተኛ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም፤ የፈረንጆችን ምድር ቤት ለእሁድ ብቻ ነበር የምትከራየው።

ጋሼ ደወሉልኝ።

«ያንቺ ድርጅት ሰፊ ቤት አለው አሉ። እናትሽ ናት ለሰው ያለችው። ሶ፣ ለቅዳሜ ታስፈቅጅልናለሽ?»

«ቦርዱን ልጠይቅ» አልኩ።

ሰብሳቢያችን በማግስቱ ሁላችንንም ወጥ ቤት ሰበሰቡን። ልቅሶ ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ስንት ሰው ይመጣል?» አለች ጠበቃዋ።

«አይታወቅም።»

«ስንት ሰዓት ያልቃል?»

«እሱም አይታወቅም።»

«ምንድን ነው የሚደረገው ታዲያ?»

«ይለቀሳል። ከዚያ ቁጭ ይባላል።»

«እንደኛ ስብሰባ ነው በይኛ» አለ አበባ ሻጩ።

ሳቃቸው ጋብ ሲል ፈራ ተባ እያልኩ ሰሌዳውን አነሳሁ። ግቢው ሣር ላይ የድርጅቱ ስም፣ ጌይና ሌዝቢያን ከሚሉት ቃላት ጋር፣ ከመንገድ እንዲነበብ ተደርጎ በትልልቁ የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ቆሟል። የተከለው መካኒኩ ነው።

«አንዲት ብሎን አትነካም» አለች ጠበቃዋ። «ስንደበቅ ኖረን ኖረን ነው ያቆምነው።»

«አንቺ የምታወሪው ስለ ሰሌዳ ነው» አላት አበባ ሻጩ፣ «እሷ የምታወራው ስለ ቤተሰቧ ነው። አንድ ቀን ጋራዥ ቢገባ ምን ይጎዳል?»

መካኒኩ እጆቹን ያይ ነበር። ሰብሳቢያችን ሁሉም እስኪናገር ጠበቁ።

«ቤቱን መስጠት የሚቃወም አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልነበረም። «እንግዲያው ቤቱ ተሰጥቷል። ሰሌዳው ባለበት ይቆያል።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ለሰዎችሽ ምን እንደምትነግሪ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። እሱ የቦርድ ጉዳይ አይደለም።»

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ፎርት ዎርዝ ነዳሁ። ቤቱ በሰው ስለተሞላ ጋሼ ወርደው መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥን። ጢማቸውን አልተላጩም፤ ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል።

«ጋሼ፣ የማን ቤት እንደሆነ ሳልነግርዎ እንዲመጡ አልፈልግም» አልኩ።

በአማርኛ የምለው ቃል አጣሁ። የማውቃቸው ቃላት ሁሉ ስድብ ነበሩ። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ስም ጠራሁትና፣ «ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር የሚኖሩ ሰዎች» ብዬ ጨመርኩበት።

ጋሼ የመኪናውን የፊት መስታወት እያዩ ቆዩ። ከፎቅ የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«አንቺስ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔም።»

ቀና ብለው ወደ ፎቁ አዩ።

«ፓርኪንግ አለው?» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ፓርኪንግ። ሰው ብዙ ነው።»

«አለው። ጎኑ ያለው ሱቅ ቅዳሜ ዝግ ስለሆነ እዚያም ፓርክ ማድረግ ይቻላል።»

«ኦኬ» ብለው ወረዱ። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን ጎንበስ ብለው፣ «ስለ ሌላው ሌላ ቀን እንነጋገራለን። አሁን ሐዘን ላይ ነን» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ቦርዱ ቀድሞኛል። ወንበሩ ተደርድሯል፣ ወለሉ ተወልውሏል። በኛ ልቅሶ አበባ አይመጣም ብዬው የነበረው አበባ ሻጭ መቻል አቅቶት ሽንት ቤት ውስጥ አንዲት ነጭ አበባ በብርጭቆ አስቀምጧል። ሰብሳቢያችን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ያስተማርኳቸውን «እግዜር ያጥናችሁ» ለብቻቸው ይለማመዳሉ፤ «ጥ»ን ግን አልቻሏትም። ስለ ሙዚቃ የሚያውቁትን ሁሉ ሰብስበው እንኳ አልወጣችላቸውም።

ውጭ የመካኒኩ ትልቅ ፒክአፕ ሣሩ ላይ ወጥቶ ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆሟል። የሰሌዳው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው የሚታየው።

«ቦርዱ ይህን አልወሰነም» አሉት ሰብሳቢያችን።

«ጥላ ፈልጌ ነው» አለ። ሰማዩ ደመና ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ምግብና ንፍሮ ከጫነች ቫን ጋር ደረሱ። ወርደው ቤቱን አዩ፣ ፒክአፑን አዩ፣ የሰሌዳውን ጠርዝ አዩ።

«የማን መኪና ናት?»

«የአንዱ የቦርድ አባል ናት፣ ጋሼ።»

«ፈቀቅ ያድርጋት በይው። ምግብ የሚያወርዱት ሴቶች መንገድ አጡ።»

መንገዱ ሰፊ ነበር። ለመካኒኩ ተረጎምኩለት። ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። መኪናውን አስነስቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሰሌዳው ከነስሙ ወጣ። ጋሼ ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ አንዱን ድስት ራሳቸው አንስተው ገቡ። ለምን እንዳስነሱት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለቀስተኛው ይጎርፍ ጀመር። ያነበበ አለ፣ እንዳላነበበ ያለፈ አለ። አንድ ባልና ሚስት በር ላይ ተነጋግረው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። አንዲት ሴት ደረጃው ላይ ቆማ፣ «የምንድን ነው ቤቱ?» ስትል፣ የጋሼ ወዳጅ የሆኑ ነጭ ቆብ ያደረጉ የወሎ ነጋዴ፣ «ለዛሬ የልቅሶ ቤት ነው፤ ግቢ» አሏት። ገባች።

ቦርዱ ተራውን ጠብቆ በሰልፍ ገባ። ሰብሳቢያችን ጎንበስ ብለው «እግዜር ያትናቹ» ሲሉ እትዬ እጃቸውን ይዘው ሳሟቸው። ከዚያ አራቱም ከሰው መሀል ገብተው ተቀመጡ። ዝም ማለት የማይሆንላት ጠበቃ እንኳ ረጅም ሰዓት አንድ ቃል ሳትናገር ቁጭ አለች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሽንት ቤት ሲሄዱ ደግፌያቸው ኮሪደሩ ውስጥ ገባን። እዚያ ግድግዳ ላይ በኤድስ የሞቱ ወዳጆቻችንን ፎቶ ሰቅለን ነበር። እትዬ ቆሙ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የዚህ ቤት ሰዎች ነበሩ። ሞተዋል።»

«ሁሉም? ልጆች አይደሉም እንዴ! ምን ሆነው?»

«ታመው።»

አንድ በአንድ አዩአቸው። «እናቶቻቸው መጥተው አለቀሱላቸው?»

«የአንዳንዶቹ መጡ። የአንዳንዶቹ አልመጡም።»

እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ለእናታቸው ያለቀሱት ልቅሶ አልነበረም፤ ድምፅ አልነበረውም። አበባ ሻጩ ትሪ ይዞ በዚያ ሊያልፍ ሲል አያቸውና ቆመ። የተባባልነው ሳይገባው ወደ ፎቶዎቹ ዞሮ ከጎናቸው ቆየ። ያኔ እሱም ታሞ ነበር፤ እኛ እናውቃለን፣ እትዬ አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ደግ አልነበረም። እሁድ እሁድ በመኪናዬ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ጓደኛዬ መደወል አቆመች፤ ብደውልላትም አላነሳችም። እናቴ በስልክ፣ «ልቅሶው የሚያምር ነበር አሉ» አለችኝና ስለ ቤቱ ሳታነሳ ቶሎ ተሰናበተችኝ። ጋሼ ያሉት «ሌላ ቀን» ደግሞ አልመጣም። ጥቂት ጊዜ ጠብቄው ነበር፣ ኋላ ተውኩት። በዓል ሲሆን ሲጠሩኝ ግን፣ «ብቻሽን ነሽ ወይስ ከሰው ጋር ትመጫለሽ?» ማለት ጀመሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

በተከታዩ የጸደይ ወራት አበባ ሻጩ አረፈ። መታሰቢያውን በዚያው ቤት አደረግን። መሞቱን ለጋሼ በስልክ ጣል አድርጌላቸው ነበር እንጂ ኑ አላልኳቸውም። ሰው ተቀምጦ ሳለ በሩ ተከፈተና ጋሼና እትዬ ጥቁር ለብሰው ገቡ። እትዬ ሳህን በጨርቅ ሸፍነው ይዘዋል። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ልተረጉምላቸው ሄጄ መሀላቸው ገባሁ።

ሰዎች እየተነሱ ስለሱ ይናገሩ ነበር። መካኒኩ ሲነሳ ሁላችንም ተገረምን። ሟቹ ከሠርግ የተረፈ አበባ እያመጣ ቤቱን ይሞላው እንደነበር፣ ስልክ ሲጮህ መሣሪያውን ከአበባ ሥር ፈልገን እስክናገኘው ደዋዩ ይዘጋ እንደነበር አወራ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አበባ ያስነጥሰኛል። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ደዋዩ ላይ ነበር የማስነጥስበት። እነዚያን ዓመታት ሁሉ እሱን ቅር እንዳይለው ብዬ አልነገርኩትም» አለና ቁጭ አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሰብሳቢያችን እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ።

እትዬ ደንግጠው በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «ልቅሶ ላይ ይሳቃል እንዴ?»

«እዚህ እንዲህ ነው የሚሸኙት፣ እትዬ።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ምን አለ? ንገሪኝ እስቲ» አሉ።

በጆሯቸው ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጋሼ በወዲያ በኩል አንገታቸውን አስግገው፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉ፣ እትዬ በኔ ላይ ተንጠራርተው ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው።