ዳገት ላይ የምትደክም መኪና

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በጋ፣ ከጥር ወዲህ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው የመኪናዬን በሽታ ፍለጋ ስባዝን ስለከረምኩ ብቻ አይደለም። በፍለጋው መሃል አንድ ንጹሕ ሰው በአደባባይ ስላዋረድኩ ነው።

የምኖረው ወገዳ ነው። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ እኔ ዘንድ የደረሰችው በአራት ሰው እጅ አልፋ ነው። ሰውም እህልም እየጫንኩ ንፋስ መውጫ እመላለሳለሁ። መንገዱን አንድ ቀን የሄደበት ሰው ወገቡ ሳምንት ሙሉ ሲያስታውሰው ይሰነብታል።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ ናት። ታላቅ ወንድሜ ከዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ፣ ዳገት ላይ፣ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እናቴ መኪና የሚባል ነገር አትወድም። እኔ መሪ ስይዝ ደጅ ቆማ እስክሰወር ታየኛለች፤ እስክመለስም እህል አትቀምስም። "ሌላ ሥራ ጠፋ?" ስትለኝ ኖራ አልሰማ ስላት ተወችው።

ጥር ላይ መኪናዋ ዳገት ላይ መድከም ጀመረች። ሜዳውን እንደ ድሮዋ ትሮጣለች፤ አቀበት ሲመጣ ጉልበት ይከዳታል። ነዳጅ ስሰጣት ድምፅዋ ይጨምራል እንጂ አትሄድም። በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን ዳገት በአንደኛም አልወጣ አለች። በእግሩ የሚሄድ ገበሬ "ደኅና ዋላችሁ" ብሎ ቀድሞን ሲያልፍ ተሳፋሪዎቼ ይስቃሉ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ንፋስ መውጫ ጌትነት የሚባል መካኒክ አለኝ። ሞተር ከመንካቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አዳምጦ አዳምጦ የአየር ፊልትሮውን አወጣው። የእኛ መንገድ አቧራ እንደ ዱቄት ተጋግሮበታል።

"ይች መኪና መተንፈስ አቅቷት ነው" አለኝ። አራግፎና በአየር ነፍቶ መለሰው።

ስመለስ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው። ደስ ብሎኝ ለእናቴ "መኪናዋ ታማ ነበር፤ አሁን ግን ድናለች" አልኳት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሽታው ተመለሰ፤ ያውም ብሶበት። አሁን መድከም ብቻ ሳይሆን ትንተባተባለች፤ ነጭ ጭስ ታወጣለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች። የአየር ፊልትሮውን ባየው ንጹሕ ነው። ሳምንት ደኅና ትሆንና አንድ ቀን ጧት ተነሥታ ዳገት እምቢ ትላለች። ሰው ቢሆን ተኳርፈናል እል ነበር። ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን ስድስት ሰው ይዤ ትልቁን ዳገት ስንወጣ መሃል ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ሞተሩ በመጥፋቱ ፍሬኑ ደነደነብኝ፤ በሁለት እግሬ ብቆምበት አይዝም። ከኋላችን ገደል ነው። ተሳፋሪው "በስመ አብ" ሲል የኋላው ጎማ ከአንድ ድንጋይ ጋር ተጋጨና ቆምን። ወርደን ስናይ ከገደሉ አፍ ሦስት እርምጃ ያህል ነበር የቀረን። ያን ድንጋይ ትቼው አልሄድኩም፤ ለጎማ ታኮ ይሆነኛል ብዬ ከኋላ ጫንኩት።

ጌትነት በዚህ ጊዜ የናፍጣ ፊልትሮውን ፈታው። ከውስጡ የወጣውን በጠርሙስ አድርጎ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ትንሽ ቆይቶ ናፍጣው ከላይ፣ ጥርት ያለ ውሃ ከታች ሆኖ ተለየ።

"ውሃ ነው የምታጠጣት!" አለኝ። "ሜዳ ላይ ከታንኩ ሥር ይተኛል። ዳገት ስትወጣ ይንቀሳቀስና ሞተሩ ይስበዋል። ለመሆኑ ናፍጣ ከማን ነው የምትገዛው?"

ዝናብ ካየን ወራት አልፎናል፤ ስለዚህ ውሃው ከሰማይ አልወረደም። በአእምሮዬ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ሰይድ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው፣ ከሱቁ ጀርባ ናፍጣ በበርሜል የሚሸጡልኝ ሽማግሌ ናቸው። የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። አባቴ ሲሞት ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ ሳይወጡ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ናፍጣ ሲቀዱ በነጭ ጨርቅ እያጠለሉ ነው፤ ሰው ቢቸኩልም እሳቸው አይቸኩሉም። እኛ ሹፌሮች "የጋሽ ሰይድ ናፍጣ ለእንግዳ ይቀርባል" እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ትዝ አላለኝም። የሚታየኝ ገደሉ ነው። ብስጩ ነኝ፣ አልክድም።

የደረስኩት ገበያው በደራበት ሰዓት ነበር። ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ "ናፍጣውን በውሃ እያበዛህ ሰው ልትፈጅ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ያልኳቸውን ሰው አንተ አልኳቸው። ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ እኛ ዞረ።

ጋሽ ሰይድ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከበርሜላቸው በጠርሙስ ቀድተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡና "ተቀመጥ፣ አብረን እንየው" አሉኝ።

"የላዩን ቀድተህ ልታሳየኝ!" ብያቸው መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ እንኳ ለመልቀምም አልተመለስኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሎቹ ሹፌሮችም ወደዚያ ሱቅ መሄድ ተዉ። እናቴ በሰማች ጊዜ ክፉኛ ተቆጣችኝ።

"ሰይድ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም። አባትህ ቢኖር አፍህን በጥፊ ነበር የሚልህ።"

"እማየ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ናፍጣ ከንፋስ መውጫ ማደያ ብቻ መቅዳት ጀመርኩ። መኪናዋ ለጥቂት ቀናት ደኅና ሆነች፤ እኔም "አላልኳችሁም?" እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ከዚያ አንድ ጧት ዳገቱ ላይ ያው ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ። የድሮው ቅሪት ይሆናል ብዬ ታንኩን አስወርጄ አሳጠብኩት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ያው በሽታ ተመለሰ። ጌትነት ፊልትሮውን በፈታ ቁጥር ውሃ ነው። ማደያው ሌሎች መኪኖችም ይቀዱበታል፤ የእኔን ያህል የታመመ የለም። ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚገባባት ማሰብ ጀመርኩ። ጎረቤት "የሰው ዓይን ነው" ሲል እንደ ሞኝ አዳመጥኩት።

በመጨረሻ ጌትነት ሥራውን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እስቲ መቼ መቼ ነው የሚብስባት?"

አስቤው አላውቅም ነበር። በጣቴ ስቆጥር በማርያም ማግስት፣ በሚካኤል ማግስት፣ እንደገና በማርያም ማግስት ሆነ።

"ታዲያ መኪናህ በዓል ታከብራለች?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የባሰ ግራ ገብቶኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በቀጣዩ ማርያም ሥራ አልወጣሁም። ጧት ከቤቱ ጀርባ ፊቴን ስታጠብ እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከጸበል ተመለሰች። በእጇ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። ወደ ቤት ትገባለች ስል ወደ መኪናዋ ሄደች። ቁልፍ የሌለውን የታንክ ክዳን ከፈተች፤ አማተበች፤ ጠርሙሱን እስከ ጠብታው አንቆረቆረችው።

"ጠጪ፣ አይዞሽ" አለቻት መኪናዋን። "ልጄን አደራ።"

እኔን አላየችኝም። የያዝኩት ሳሙና ከእጄ ወደቀ። ያ ሁሉ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ተመለሰልኝ፤ ምን እንደማደርግ ግን ጨርሶ ጠፋኝ።

ቀስ ብዬ ቤት ገባሁና፣ ምንም እንዳላየ ሆኜ ጠየቅኋት።

"እማየ፣ ለመኪናዋ ጸበል ታደርጊላታለሽ እንዴ?"

"ታዲያስ!" አለች፣ ምንም ሳይመስላት። "አንተ አይደለህም ታማለች ያልከኝ? መጀመሪያ ላይ ላይዋን ረጨኋት። ግን ሰውስ ቢሆን ተረጭቶ ብቻ ይድናል? ይጠጣ የለ? ሲብስባት ደግሞ ጨመር አደርግላታለሁ።"

እሷ ስትጨምር መኪናዋ ይብስባታል፤ መኪናዋ ሲብስባት እሷ ትጨምራለች። ሁለት ወር ሙሉ የዞርኩት በዚህ ዙሪያ ነው።

"ያን ቀን ገደል አፍ ላይ ማን ያቆማችሁ መሰለህ?" ብላ ጨመረችልኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አንድ ልጇን ዳገት የበላባትን ሴት "ሁለተኛውን አንቺ ልትገድይው ነበር" ብዬ እንዴት ልበላት? አልቻልኩም። "የጋሽ ሰይድ ጥፋት አልነበረም" አልኳት፤ እሱን ብቻ።

"ብየህ ነበር። በል እንግዲህ፣ በገበያ የሰደብከውን ሰው በጓዳ ይቅር በለኝ አትለውም" አለችኝና ወደ መኪናዋ ጀርባ፣ ታኮ ወዳደረግሁት ድንጋይ ጠቆመችኝ።

ታንኩ ውስጥ ያለውን ናፍጣ ደፍቼ ታንኩን አደረቅሁት። በገበያው ቀን መኪናዬን አቁሜ ያን ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ከቤቴ እስከ ጋሽ ሰይድ ሱቅ በእግሬ ሄድኩ። በአገራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ መንገድ እየለቀቀ አየኝ። ያን አተያይ መቼም አልረሳውም።

ጋሽ ሰይድ በር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

"ጋሼ፣ ስምዎን በሐሰት ነው ያጠፋሁት። ናፍጣዎ ንጹሕ ነው። ስለ ፈጣሪ ብለው ይቅር ይበሉኝ።"

ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እሳቸው ግን ቶሎ አልተነሡም። ድንጋዩ ማጅራቴን እየቆረጠው ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ይቅር ባይሉኝም እውነት አላቸው ብዬ አሰብኩ።

"ከበደህ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ከበደኝ፣ ጋሼ።"

"እኔንም ከብዶኝ ነበር" አሉና ተነሥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱልኝ።

ወደ ውስጥ አስገብተው ውሃው ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም።

"እሷ ያመጣችው ጣጣ መሆኑን እናትህ ታውቃለች?"

"አልነገርኳትም።"

"እንዳትነግራት" አሉኝ፣ ሳቃቸውን አቁመው። "ጸበሉንም አትከልክላት፤ እንቅልፍ አይወስዳትም። ራዲያተሩን አሳያት። የመኪናዋ አፍ ፊት ለፊት ነው በላት። ውሃ የሚጠጣው እሱ ነው።"

እንዳሉኝ አደረግሁ። አሁን ማርያም በመጣ ቁጥር ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን እከፍትላታለሁ፤ እናቴ አማትባ ራዲያተሩ ውስጥ ታንቆረቁራለች። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ዳገት እምቢ ብላ አታውቅም። እናቴ "መዳኗን አየህ?" ትለኛለች። አንድ ቀን ደግሞ "የሰይድ ስም ያለ ኃጢአቱ ጠፍቶበት፤ በርሜሉ ላይ ጠብ ላድርግለት እንዴ?" ብላኝ "አይሆንም!" ብዬ መጮኼ አልቀረም።

አሁንም ግራ የሚያጋባኝ ነገር አለ። ጌትነት እዚያ ገደል አፍ ያደረሰን ውሃው ነው ይላል። እናቴ ከገደሉ የመለሰን ጸበሉ ነው ትላለች። ከሁለቱ አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አቃተኝ።

ናፍጣ ከጋሽ ሰይድ ነው የምቀዳው፤ ሹፌሮቹም ተመልሰዋል። ድንጋዩ በርሜላቸው ሥር ተደግፎ ተቀምጧል። ታዲያ በሄድኩ ቁጥር ከመቅዳታቸው በፊት በጠርሙስ ጥቂት ያወጡና ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል።

"ተዉ ጋሼ፣ እኔን አያሳፍሩኝ" እላቸዋለሁ።

"ተቀመጥ፣ አብረን እንየው" ይሉኛል።

ሥራ ቢኖረኝም፣ ተሳፋሪ ቢጠራኝም፣ እቀመጣለሁ። ጠርሙሱ እስኪጠራ ድረስ አጠገባቸው ሆኜ አያለሁ።