የፈረንሳይ ጎማ፣ የጣሊያን ማርሽ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ለልጅ ልጄ የሳይክል ካቴና ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ የግራሶና የአዲስ ጎማ ሽታ ሲቀበለኝ፣ ባለሱቁ የሚለኝን መስማት አቆምኩ፤ ያ ሽታ የወንድሜ የዳዊት እጅ ሽታ ነበር።

በሰፈራችን ባለማርሽ ሳይክል የነበረው ዳዊት ብቻ ነበር። ሰማያዊ የጣሊያን ሳይክል ነበረች፤ እናታችን «ከራሱ ይልቅ እሷን ነው የሚያጥበው» እያለች ትቀልድበት ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ሁርሶ ማሠልጠኛ ሲገባ ሳይክሏን ለእኔ አደራ ብሎ ሄደ። ከሁርሶ ወደ ሰሜን ላኩት፤ ከዚያ ወዲያ የደረሰን መርዶው ነው።

የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ሙላት መጣና «ሳይክሏ ለአብዮቱ ሥራ ተፈልጋለች» ብሎ ከግቢያችን እየገፋ ወሰዳት። የአብዮቱ ሥራ ምን እንደሆነ ብዙም ሳንቆይ አየን፤ አመሻሽ ላይ ፀጉሩን ተቀብቶ ከዚራ ዛፎች ሥር መንሸራሸር ነበር። በየበዓሉ በሚደረገው ውድድርም በሟች ሳይክል እያሸነፈ ይጨበጨብለታል። እናቴ ሄዳ ለመነችው። እኔ አልለመንኩም፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንደማዋርደው ለራሴ ማልኩ።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ሳይክል የሚጠግነው ዩሱፍ የዳዊት ጓደኛ ነበር። ከዘመድ ያገኘሁትን የዛገ የቻይና ሳይክል እየገፋሁ ወሰድኩለት፤ የኋላ ጎማው የተጣመመ ስለነበር አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ በነበረበት ዘመን ያስቀመጠውን የፈረንሳይ ጎማ ጨመርኩ። ዩሱፍ ደግሞ ከጓዳው አሮጌ የጣሊያን ማርሽ አወጣ።

«ዋላሂ፣ ይሄ ሳይክል አይደለም፣ የተባበሩት መንግሥታት ነው» አለ።

መንግሥታቱ ግን አልተባበሩም። ማርሹን ጎማው መሐል ላይ ስናጠብቀው ትንሽ ይዞርና ቀጥ ይላል፤ የፈረንሳዩና የጣሊያኑ ፊሌቶ፣ የሚጠብቅበት ጠመዝማዛ ጥርስ፣ ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ አይያያዝም። በንዴት በመፍቻ ላስገድደው ስል ዩሱፍ እጄን ያዘኝ።

«አቦ፣ ተይ ሠናይት! ቂምሽን ለሙላት አስቀምጪ፤ ዕቃው ምን አደረገሽ?»

የጎማውን ራጂዎች፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹን፣ በሙሉ ፈታን፤ የፈረንሳዩን የመሐል ብረት አውጥተን ማርሹን የሚቀበል የጣሊያን ከተትንበት፤ ራጂዎቹን በልክ እየቆረጥን ጎማውን እንደ አዲስ ሠራነው። ከዚያ ደግሞ ካቴናው አስቸገረ፤ የቻይናው ሰፊ ስለነበር በማርሹ ጥርሶች መሐል እየተቀረቀረ እምቢ አለ። ዩሱፍ ቀጭን ካቴና ፈልጎ፣ የፊቱን ጥርስ በሞረድ አሳስቶ፣ ከማርሹ ሥር ሮንዴላ እየጨመረ እየቀነሰ፣ የፊቱና የኋላው በአንድ መስመር እስኪውሉ ታገለ። ጣቶቼ ቆሳስለው ነበር፤ ከመርዶው ወዲህ ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ ለበዓሉ ውድድር ለመመዝገብ እጄን ሳወጣ ጓድ ሙላት ሳቀ።

«ውድድሩ የወንዶች ነው፣ እህቴ።»

«ጓድ ሙላት፣ ሴት ከወንድ እኩል ናት ብለው አሁን ያስጨበጨቡን እርስዎ አይደሉም?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እያጉረመረመ ስሜን መዘገበ።

ውድድሩ ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ ደንገጎ ዳገት ላይ ጥቂት ወጥቶ መመለስ ነበር። ሜዳው ላይ ሙላት ጥሎኝ ሄደ። ዳገቱ ሲጀምር ግን እሱ፣ ያችን የመሰለች ሳይክል ይዞ ማርሽ መቀየር ያልተማረው ሰው፣ ከፔዳሉ ጋር ትግል ገጠመ። እኔ ቀየርኩ፤ ማርሹ ጠቅ ብሎ ገባ። ስደርስበት በዳዊት ኮርቻ ላይ ያለከልካል። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አላለፍኩም። ከጎኑ እየነዳሁ ዓይኑን አየሁትና «ባለቤቷ ይህን ዳገት እየዘፈነ ነበር የሚወጣው» አልኩት። ጥዬው የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከተማው ሳቀበት፤ ልጆች ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ማርሽ ቀይር!» ይሉት ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ አልነዳትም። ግን አልመለሰልንም፤ የቀበሌው ግድግዳ ላይ አስደግፏት፣ በድሬ ፀሐይ ጎማዋ ተሰነጣጥቆ፣ ሰማያዊ ቀለሟ ተላጦ፣ እንደ ቆመች አለቀች። እናቴ እሷን ላለማየት መንገድ ቀየረች። እኔ ሆን ብዬ በዚያው እመላለስ ነበር፤ እሱ በመስኮት እንዲያየኝ።

ዛሬ አርጅቶ በምርኩዝ ይሄዳል አሉ። ይቅር በዪው የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አልልም። እናቴም ዩሱፍም አልፈዋል፤ ሙላት ግን ለእርጅና በቃ። ዳዊት በሄደበት ዕድሜው ዛሬ በሩን ከፍቶ ቢገባ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል።